ቫልቩን ማን ዘጋው?

የማቀዝቀዣ ውሃ በሚያዞሩት ፓምፖች ላይ ሴንሰር ገጥመን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የማገናኘቱ ሥራ ሲሰጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አዲስ ቴክኖሎጂ መግጠምና ብክነት መቀነስ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሶፍትዌሩ የአንድ ዓመት መረጃ ተሰጥቶት የእያንዳንዱን ፓምፕ ጤናማ አሠራር ተማረ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጥገና ክፍሉ አንጋፋ መካኒክ ጋር ፓምፕ ክፍል ገባን። እሳቸው ስክሪን አላዩም። በቀጥታ ወደ አንዱ ቧንቧ ሄደው እጃቸውን ቫልቩ ላይ አሳረፉና ዝም ብለው ቆዩ። ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው በጠባቡ ክፍተት ሲያልፍ ያፏጫል።

«ይሄ እኮ ግማሹ ተዘግቷል። ማነው የዘጋው?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው። የሚያውቅም አልተገኘ። ፓምፑ ፍጥነቱን የሚቀንስ ኢንቨርተር አለው፤ ግን አንድ ጊዜ ብልሽት ሲያጋጥም በእጅ 50 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም ሙሉ ፍጥነቱ ላይ፣ ተደርጎ እዚያው ቀርቷል። ውሃው ሲበዛባቸው ደግሞ አንዱ ቫልቩን ጠበብ አድርጎት ሄዷል። ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል፣ ቫልቩ ይገታዋል። ሶፍትዌራችን የተማረው ከዚሁ ብክነት ነውና ለእሱ ጤናማ ማለት ይኸው ነበር።

ውሃው እየዞረ በሚመለስበት ዝግ መስመር ላይ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ፓምፑ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ኃይሉ የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ስለሚከተል፣ 0.8 × 0.8 × 0.8 = 0.512 ነው። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተን ወደ 40 ሄርዝ አወረድነው። ፉጨቱ ጠፋ፣ ቧንቧው ረጋ። የውሃው ሙቀት ንቅንቅ አላለም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሶፍትዌሩ ፓምፑ ታሟል ብሎ ቀይ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ቁጠባውን እንደ ብልሽት ቆጥሮታል! ክው አልኩ። የሌሊት ተረኛ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያውን አምኖ ወደ 50 ይመልሰው ነበር።

ቴክኖሎጂውን አልተውነውም። የድሮውን መረጃ ጥለን ከተስተካከለው አሠራር እንደገና እንዲማር አደረግነው፤ አሁን ማጣሪያ ሊደፈን ሲል ቀድሞ ይነግረናል፣ በጣም ይጠቅመናል። ልናዝዛቸው ካሰብናቸው ሴንሰሮች ግን ግማሾቹን ሰረዝን። ባለ ባትሪ ሴንሰር ውሎ አድሮ ራሱ ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። እኛም ያለ በቂ ምክንያት ልንጨምርበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መረጃ ለሶፍትዌር ከመስጠቴ በፊት ከአንጋፋው መካኒክ ጋር መስመሩን በእግሬ እዞራለሁ፤ የትኛው ቫልቭ ምን ያህል እንደተከፈተም በደብተር እጽፋለሁ። ባለፈው ዙር ግማሽ የተዘጉ ሌሎች ሦስት አግኝተናል።