ነፋሱ ከጣና ሲነሣ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12። ባሕር ዳር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ሲነሣ ኳሷ እምቢ አለችን። የምንጫወተው ፍሎርቦል ኳሷን በዱላ እየገፉ ጎል የሚያገቡበት የአዳራሽ ጨዋታ ነው። ኳሷ ከፕላስቲክ የተሠራች፣ 26 ቀዳዳ ያላት፣ ክብደቷም 23 ግራም ብቻ ናት። አዳራሽ ስለሌለን ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ እንጫወታለን። ሕጉ ሜዳው 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው አጥር ይከበብ ይላል፤ እኛ አግዳሚ ወንበሮችን በጎናቸው አጋድመን እንከበዋለን። ነፋስ ሲመጣ ግን የማሠለጥናቸው ልጆች አስተካክለው ያቀበሏት ኳስ መንገድ ላይ ትጠመዘዛለች።

ዱላዎቹን ያመጣልኝ ስዊድን የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። ገና ከሻንጣው ሲያወጣቸው ልቤ ወደ ገና ጨዋታ ሄደ። የሰፈር ወንዶች ሩሩን ሲያጋጩ፣ «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ቅልጥም ሲመታ ዳር ቆሜ አይ ነበር። ልጆቹም ያንኑ ይዘው መጡ፤ ዱላውን ከራስ በላይ አንሥቶ መምታት። እዚህ ግን ተጋጣሚ አጠገብ እያለ እንዲያ ማወናጨፍ ጥፋት ነው፤ የሌላውን ዱላ መምታትም ማንሣትም አይፈቀድም። በረኛ ደግሞ ጭራሹን ዱላ የለውም፤ ተንበርክኮ በእጁ፣ በደረቱ፣ ባገኘው ነገር ይመልሳል። በረኛችን ይህን ስነግራት ፊቷ በራ።

እኔ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። 9 ዓመት ተጫውቻለሁ፣ ዋንጫም አንሥቻለሁ። ጉልበቴ ተጎድቶ ያቆምኩ ሰሞን አሠልጣኝነት ቀላል መስሎኝ ነበር፤ የማውቀውን መንገር ነው ብዬ። የመጀመሪያዋ ሠልጣኜ «ግብ ጠባቂዋ ወዴት እንደምትዘል በምን ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ግን አፌ ተያዘ። እጄ ያውቀዋል፤ ቃል ግን የለኝም። ያን ቃል መፈለግ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ አሁንም እፈልጋለሁ።

ለዚህም ነው ማታ ማታ የፊንላንዳዊውን የፍሎርቦል ተጫዋች የሚካ ኮሆነንን ጨዋታዎች ደጋግሜ የማየው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፕራግ ላይ ፊንላንድ ስዊድንን በተጨማሪ ሰዓት 7 ለ 6 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን በቡድኑ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ስድስቱንም የዓለም ዋንጫዎች የወሰደችው ስዊድን ነበረች! ጎሎቹን አልፋቸዋለሁ። የማየው ኳሷ ወደ እርሱ ከመድረሷ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው፤ አንገቱን ወዴት እንደሚያዞር፣ እግሩን የት እንደሚተክል። ለልጅ ሊነገር የሚችለው እርሱ ነው።

ዛሬ አንዷ ልጅ ዱላውን እንደ መጥረጊያ ሁለት እጇን አጋጥማ ይዛ አስቸገረችኝ። «እጆችሽን አራርቂ» አልኳት። አራርቃ መልሳ ታጋጥማለች። ሦስቴ፣ አራቴ አሳየኋት። በመጨረሻ አባቱ በታንኳ እንጨት የሚያመላልስ አንድ ልጅ ከወዲያ መጣና «እትዬ፣ እኔ ልንገራት?» አለኝ። ዱላውን ተቀብሎ አግድም ያዘውና ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ቀዘፈ። «ታንኳ ላይ እንደ ተቀመጥሽ አስቢ። እጆችሽ ከተጋጠሙ ትገለበጫለሽ» አላት።

ልጅቱ ያዘችው። የታችኛው እጇ ወደ ታች ወረደ፣ ትከሻዋ ላላ፣ ኳሷም ከዱላው ሥር ሳትርቅ ሜዳውን አቋረጠች። እኔ ዝም ብዬ አየኋት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ ያለ ኳስ አሥር ደቂቃ «ቀዘፍን»።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «መያዝ፦ እንደ መቅዘፊያ» ብዬ ጽፌያለሁ። የሰኞውን ልምምድ ወደ ጠዋት 1 ሰዓት አዛውሬዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ አይነቃም፣ ኳሷም የላኳት ቦታ ትሄዳለች።