ጀበናው ቁም ሳጥን የገባ ሰሞን

የመጀመሪያውን ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ በወሰደች ማታ ባለቤቴ ከመታጠቢያ ቤት ጠራችኝ። ስሮጥ ደረስኩ። ሽንቷ ቀልቷል። ደም መስሎን ክው አልን። ነርሷ እኮ ነግራናለች፤ መድኃኒቱ ራሱ ቀይ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ሽንት ያቀላል። ግን በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳል?

የምንኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔ ኡበር እሠራለሁ፣ እሷ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። የጡት ካንሰር ነው ተባለ። ቀዩ መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ሌላው በየሳምንቱ 12 ጊዜ። በጠቅላላው 20 ሳምንት። ሕጉ ግን ለታመመ ሠራተኛ ሥራውን የሚጠብቅለት በዓመት 12 ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ። ፈቃዱን ቆራርሶ መውሰድ እንደሚቻል የነገረችን የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ናት። እሷ ባትኖር በሦስተኛው ወር የባለቤቴ ሥራ አልቆለት ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሹፌርማ እሱም የለም። ካልነዳሁ አልበላሁም።

ቤታችን ሽታ አጣ። ቁሌት ያስመልሳታል። ቡና ደግሞ ይብስባታል። ጀበናውን ከነረከቦቱ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ የእኔን ቡና ከማደያ ገዝቼ መኪና ውስጥ እጠጣለሁ። ጠያቂው ግን ክትፎ ይዞ ይመጣል። "ደም ይተካል" ይላል። ነጭ የደም ሴሏ ስለወረደ ጥሬ ነገር ተከልክላለች። ሰው ደክሞበት ያመጣውን እንዴት እጥላለሁ? ማታ ማታ እኔው በላሁት። እሷ ከሳች፣ እኔ ወፈርኩ።

"አይዞህ፣ ተስፋ አትቁረጥ" የማይለኝ ሰው የለም። በቅንነት ነው፣ ግን ምኑን እንደምይዝ አይነግሩኝም። የያዝኩት የደም ውጤት ወረቀት ነበር። ከእያንዳንዱ ኬሞ በፊት ደሟ ይታያል። ቁጥሩ ከበቃ ትወስዳለች፣ ካልበቃ ይራዘማል። አንዴ ተራዝሞባት መኪና ውስጥ አልቅሳለች። መርዝ የምትለውን መድኃኒት ስለከለከሏት! እኔም የዛሬ ዓመትን ማሰብ ተውኩና የኬሞዋን ቀን፣ ማክሰኞን ብቻ ማሰብ ጀመርኩ። ማክሰኞ ይቻላል።

እናቷ አዲስ አበባ ናቸው። አልነገርናቸውም። ልክ ነን አልልም፤ ግን የልብ ሕመምተኛ ናቸው፣ ቪዛም የላቸውም። ጸጉሯ በሦስተኛው ሳምንት ሲረግፍ፣ በቪዲዮ ስታወራቸው ነጠላ መከናነብ ጀመረች።

"ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ?"

"አዎ እማዬ።"

ደስ ይላቸዋል። ልጃቸው አሜሪካ ገብታ ጸሎተኛ ሆነችላቸው።

ባለፈው ማክሰኞ የሁለተኛውን መድኃኒት ስምንተኛ ወሰደች። አራት ቀራት። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ማስመለሱ ግን ቀንሷል። እሑድ ዕለት "ጀበናውን የት ደበቅከው?" አለችኝ። ገና አላወጣሁትም።

ትናንት እናቷ ደወሉ። ሊዘጉ ሲሉ፣ "እስቲ ለእኔም ጸልዪልኝ፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው" አሏት።

"እሺ እማዬ" አለች፣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ።