ከሞያሌ ወዲያ

ናይሮቢ ገብተናል። ኢስሊ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ይዘናል። ጓደኛዬ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ግን አልቻልኩም። እግሬ አብጧል፣ ወገቤ የኔ አይመስለኝም፣ ዓይኔ ይቃጠላል፤ እንቅልፍ ግን የለም። መንገዱ ነው ያደከመኝ ብዬ ነበር። መንገዱ ብቻ አይደለም።

ለማንኛውም ከመንገዱ ልጀምር። ከያቤሎ የወጣነው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር በርጩማ ተደርድሯል። ዱብሉቅ አካባቢ ስንደርስ ነጋ። የቦረናን ሜዳ ሲነጋ ያላየ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ የማይቸኩል ግመል። ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ስለነበር ቀሰቀስኳትና «እዪ» አልኳት። አየች፤ ፈገግ ብላ ተመልሳ ተኛች።

ረፋድ ላይ ሞያሌ ገባን። አንድ ከተማ ነው፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የኬንያ። ቦረናው ወዲህም ወዲያም ያው ቦረና ነው፤ ቋንቋውም አይለወጥም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የድንበር ጣቢያ የሁለቱንም አገር ሠራተኞች አንድ ላይ ስላስቀመጠ ነገሩ ቀላል ነው። ወገናችን የመውጫ ማኅተም ይመታል፤ ጥቂት ተራምደሽ ኬንያዊው የመግቢያውን ይመታል። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም።

የእኛው ሰው ፓስፖርቴን እያገላበጠ «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ናይሮቢ። ከዚያ ወደ ታች፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ…»

«ለሥራ?»

«ለጉብኝት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጓደኛዬንም አያት። የተሸከምነውን ቦርሳ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤተሰብ ያውቃል?» አለ።

አልተቀየምኩትም። ታላቅ ወንድም እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ ተከተለን። ሲም ካርድ የሸጠልን ልጅ ጠየቀን። ሽልንግ የመነዘሩልን ልጆች ጠየቁን። ሻይ በወተትና ቻፓቲ ያቀረቡልን ሴትዮም፣ አማርኛቸው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ «ልጆቼ፣ ደላላ ነው የሚወስዳችሁ?» ብለው በግልጽ ጠየቁን። አይደለም ስንላቸው ደስ አላቸው፤ ለማየት ብቻ መሄዳችንን ግን ያመኑን አልመሰለኝም። እናቴም እኮ አላመነችም። «ሰው ሳይቸግረው እንዲህ ይንገላታል?» ነው ያለችው፤ ታውቋታላችሁ።

እኚሁ ሴትዮ ስለ ድሮው መንገድ አጫወቱን። አስፋልቱ ሳይገባ ከሞያሌ ኢሲዮሎ የሚኬደው በጭነት መኪና ነበር። ከታች ከብት፣ ከላይ ብረቱን ጨብጦ ሰው። ኮረኮንቹና አቧራው ሳያንስ የሽፍታ ፍራቻ አለ፤ መኪና የሚንቀሳቀሰው ታጅቦ ነበር። አሁን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ልሙጥ አስፋልት ነው። «እናንተ ተንደላቃችሁ ነው የምትሄዱት» አሉን።

አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል ተባለ። ትኬቱ ላይ 2:00 ተጽፏል፤ ረዳቱ ግን በስዋሂሊ «ስምንት ሰዓት» ነው ያለን። እነሱም ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ይህን ሳውቅ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ስምንት ሰዓት ያለው ግን ዘጠኝ አለፈ። ከዚያ በግራ በኩል መንዳት ተጀመረ፤ ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ቱርቢን አልፈን ዲዳ ገልገሉ የሚባለው በረሃ ውስጥ ገባን። ጥቁር ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ አሁንም ድንጋይ። እዚህ ነው ከፊታችን የተቀመጠው ልጅ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ውሃ አለሽ?» ያለኝ። በአማርኛ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የአገሬ ልጅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ቃል አልተናገረማ። ሻንጣ የለውም፤ ጭኑ ላይ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ውሃውን ሰጠሁት፤ ጓደኛዬ ዳቦ ቆሎ ጨመረችለት። «ከየት ነህ?» አለችው። «ከሆሳዕና ወዲያ» አለና ተመልሶ ዞረ። ከዚያ በላይ ማውራት አልፈለገም፤ እኛም አላስጨነቅነውም።

በዚያ መንገድ ላይ ኬላ ይበዛል። በየኬላው ፖሊስ ይገባል፣ መታወቂያ ይጠይቃል። ማርሳቢትን ካለፍን በኋላ፣ ጨልሞ፣ አንዱ ኬላ ላይ ባትሪ የያዘ ፖሊስ ገባ። የእኛን ፓስፖርት አየና «ካሪቡ» አለን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱ ነው። ልጁ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልጁ ምንም አልመለሰለትም። ሌሎች ሁለት ልጆች ከኋላ ወንበር ተነሱ፤ እነሱም የእኛው ነበሩ። ሦስቱንም አወረዷቸው። ልጁ ሲያልፍ አላየንም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የወረደው። ፌስታሉን ግን አልረሳም። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ማንም ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የምድር ወገብን ስንሻገር ፎቶ እንነሳለን ብለን ስንት ተባብለን ነበር! በጨለማ አልፈነዋል፤ የት ጋ እንዳለፍነውም አላውቅም።

ጓደኛዬ ኢሲዮሎ ላይ «ፓስፖርት ቢይዝ ኖሮ እንደኛ አስመትቶ ያልፍ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ይኸው ነው የሚከነክነኝ። ድንበሩ ለእሱም ክፍት ነበር። ግን እሱ የሚሄደው ናይሮቢ ድረስ አይደለማ። ከሆሳዕናም ከዱራሜም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወጣ ልጅ ከኬንያ ወዲያ ታንዛኒያ አለበት፣ ማላዊ አለበት፣ ሞዛምቢክ አለበት። ቪዛውን ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ ከመጀመሪያው መንገዱን ለደላላ ይተዋል። ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያስይዛል። እንዳይያዝ ደግሞ በጫካና በሌሊት ይሄዳል።

«ለምን ይሄዳሉ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይናደድብኛል ልቤ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ልጅ የሄደው በዚሁ መንገድ አይደል? ዛሬ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፤ እናቱ የቆርቆሮውን አጥር በግንብ ቀይራለች። አብሮት የወጣው ጓደኛው ታንዛኒያ ታስሮ ተመለሰ፤ ሦስተኛቸው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው ግን ግንቡን ነው። እኔም ወንድሜ ግንቡን ሲያይ አይቼዋለሁ። ያ ልጅ ደግሞ የወንድሜ እኩያ ነው።

ቅድም ጓደኛዬ ከመተኛቷ በፊት ካርታውን አልጋው ላይ ዘርግታው ነበር። ናይሮቢ፣ ናማንጋ፣ አሩሻ፣ ምቤያ፣ የማላዊ ሐይቅ፣ ብላንታየር፣ ቴቴ፣ ሐራሬ። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ቴቴን የመረጥኩት ከብላንታየር ሐራሬ የሚወስደው አውራ ጎዳና በዚያ ስለሚያልፍና ዛምቤዚ ላይ የተንጠለጠለውን ድልድይ ለማየት ስለፈለግኩ ነው። ቴቴን ግን ከዚያ በፊትም በስም አውቃት ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ የገባ የጭነት መኪና ኮንቴይነር እዚያው ቴቴ ክፍለ ሀገር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የተረፉት 14 ናቸው። ያኔ ዜናውን ሰምቼ አልቅሻለሁ። ወሩ የኮሮና ወር ነበርና በሳምንቱ ሌላ ወሬ ወጣበት።

የእኔ ቀይ መስመርና የልጁ መንገድ አንድ ነው። ከተማ በከተማ ያው ነው። እኔ መስኮት ጋ ተቀምጬ እያየሁት የምሄደውን፣ እሱ ምንም ሳያይ ሊሄደው ነበር።

ነገ ናማንጋ ነን። ጓደኛዬ ሀሳቧን የምትቀይር ሰው አይደለችም፤ «እኛ ብንመለስ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?» እንደምትለኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ምንም አይጠቅመውም። ግን ቴቴ ስንደርስ ምን ላደርግ ነው? ድልድዩ ላይ ቆሜ ፎቶ ልነሳ ነው? ወይስ ያ ኮንቴይነር የተከፈተበትን ቦታ አሳዩኝ ብዬ ሰው ልጠይቅ? ብጠይቅስ፣ በምን መብቴ?