ወገባቸው የተያዘው ጫኝ

ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኝ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ንብረት ያዥ ነኝ። በመተማና በሑመራ በኩል ሰሊጥ መግባት ሲጀምር ከጠዋት እስከ ማታ ጭነት ማውረድ ነው። አንዱ ጆንያ 100 ኪሎ ይመዝናል። ጫኝና አውራጆቹ የሚከፈላቸው በኩንታል ስለሆነ አመመኝ ብሎ የሚቀመጥ የለም። የተቀመጠ ለቤቱ ይዞ የሚገባው ነገር ይጎድልበታል።

በዕድሜ ገፋ ያሉትን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸውን ሰው ወገብ የያዛቸው ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ሲቀበሉ ነው። ጆንያው ትከሻቸው ላይ አርፎ ሊዞሩ ሲሉ «ወገቤን!» አሉ። ጆንያው መሬት ወደቀ። እሳቸው ግን የመኪናውን ስፖንዳ በአንድ እጃቸው እንደጨበጡ፣ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ቀና ማለትም መቀመጥም አቃታቸው። ላቡ ከግንባራቸው ጠብ ጠብ ይላል። አንዱ «ጎትተን እናቅናቸው» አለ፤ ሌላው ወጌሻ ሊጠራ ሮጠ። ማንም እንዳይጎትታቸው ከልክለን ቀስ አድርገን በጎናቸው አስተኛናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ዲስክ ነው፣ ከእንግዲህ ሸክም የለም» ተባሉ፤ ዲስክ የሚሉት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ነገር ነው። «ጣውላ ላይ ተኙ፣ እንዳይነቃነቁ» ተባሉ። እሳቸውም ሁለት ሳምንት ገደማ ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሽንት ቤት እንኳ በሰው ተደግፈው ነው የሚሄዱት። ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሰው አዘዞ ተክለ ሃይማኖት መሄድ አቁመዋል። ጨጓራ እያለባቸው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ። ወንድማቸው ደግሞ ኤምአርአይ ለሚባለው የውስጥ አካል ፎቶ ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር።

ጎንደር ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ማከምን፣ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። እኛ ግን ባለሙያ ጋ የምንሄደው ሁሉን ሞክረን ሲያቅተን ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በመጨረሻ ይዣቸው ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀቻቸው። ሽንት ያመልጥዎታል ወይስ አልወጣ ይላል? በጭኖችዎ መካከል ይደነዝዝዎታል? እግርዎ ይዝላል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት አለ? ቲቢ ታመው ያውቃሉ? ቲቢ አከርካሪንም ስለሚይዝ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ አይታለፍም። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር። በተለይ የሽንቱና የድንዛዜው ምልክት ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ጋሼ ለሁሉም «የለም» አሉ። እግራቸውን አንስታ፣ መዶሻዋን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አድርጋ፣ በጣትና በተረከዝ አስቆመቻቸው።

«አባቴ፣ ወገብዎ አልተሰበረም፤ ተቆጥቷል» አለቻቸው። «አብዛኛው የወገብ ሕመም እንዲህ ነው። መተኛቱ ነው እያደከመዎት ያለው።»

ጋሼ ግን አላመኑም። «ታዲያ ኤምአርአይ ሳልነሳ በምን አወቅሽ?» አሏት። አልተቆጣችም። ምንም ሕመም ከሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች መካከል እንኳ ከ10ሩ 8ቱ ሲነሱ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ እንደሚታይ ነገረቻቸው። እንደ ፀጉር ሽበት ማለት ነው። ፎቶው ሕክምናውን ካልቀየረ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ፍርሃቱም ይጨምራል። የወገብ ቀበቶ ልግዛ ወይ ሲሉም አልመከረቻቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ቀበቶንም መጎተትንም አይመክርም። ዲክሎፌናኩን በጨጓራቸው ምክንያት ሐኪም አስቆማቸው።

የታዘዘላቸው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ ከደጅ እስከ አጥር መራመድ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጨመር። ጀርባቸው ላይ ተኝተው ጉልበታቸውን አንድ በአንድ ወደ ደረት መሳብ። ሲብስ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማድረግ። «ቅዳሴ መቆምስ?» አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው እንዲቆሙ፣ ሲደክማቸው እንዲቀመጡ፣ ስግደቱን ቆይተው እንዲጀምሩ ነገረቻቸው። ፊታቸው የበራው ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ቢያምዎ ተጎዳሁ ብለው አይደንግጡ፣ አለቻቸው።

ወር ሳይሞላ መጋዘን መጡ። መጀመሪያ ጆንያ በመስፋትና ጭነት በመቁጠር ጀመሩ፤ ሸክሙ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

እኔ ደግሞ የመጋዘኑን ባለቤት ማነጋገር ያዝኩ። ሁልጊዜ ጫኙን «ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ» እንላለን። ክብደቱ ካልተነካ ምክሩ ብቻውን ወገብ አያድንም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አዋቂ ወንድ በእጁ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የእኛ ጆንያ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ባለቤቱ «ኩንታል እኮ ኩንታል ነው» ብለው ተከራከሩ። በኋላ ግን ከመጋዘናችን የሚወጣው በ50 ኪሎ ከረጢት እንዲሆን ተስማሙ፤ ሒሳቡም ጫኞቹን እንዳይጎዳ ሁለቱ ከረጢት እንደ አንድ ኩንታል ይታሰባል። ከመሬት የሚነሳውን ጆንያም ሁለት ሰው ይይዘዋል።

የሚገባው ጭነት ግን አሁንም ባለ 100 ኪሎ ነው። እሱን የሚያስገቡትን ነጋዴዎች ማነጋገር ጀምረናል።