የጌም ክርክራችንን እንዴት መልክ እንዳስያዝኩት

ታሪክ ላይ የተመሠረቱ አድቬንቸር ጌሞችን የሚወዱ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ «እንባዬን ነው ያመጣው» ይላል፤ ሌላው «ሲራመዱ መዋል ብቻ፣ ይሄ ደግሞ ጌም ተብሎ?» ይላል፤ ሦስተኛው «እናንተ የድሮውን ስለማታውቁ ነው» ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሁሉም ይዞት የመጣውን ሐሳብ ይዞ ይሄዳል።

እኔ ጭቅጭቅ እወዳለሁ፤ ፍሬ ያለው ከሆነ። ስለዚህ ከዘመድም ከጓደኛም የተውጣጣን ጥቂት ሰዎች አንድ ጌም እየመረጥን፣ ሁላችንም በየፊናችን ተጫውተን ስንጨርስ ተገናኝተን ማውራት ጀመርን። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ማንም አልመረጠኝም፣ ማንም ደግሞ አልተቃወመኝም። ታላቅ ወንድሜ በማውዝ እየነካኩ እንቆቅልሽ በሚፈቱባቸው የ1990ዎቹ ጌሞች ያደገ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የአክስቴ ልጅ የጀመረችው ምርጫ እያስመረጡ ታሪኩን በሚቀጥሉት ጌሞች ነው። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ኳስና ተኩስ ካልሆነ ጌም የማይመስለው፣ ንግግር ሲመጣ ጣቱ ወደ መዝለያው ቁልፍ የሚሮጥ ሰው ነው። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አታስወጡት። በየክርክሩ ከሁላችን የበለጠ የሚጠቅመን እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጌሙን አስቀድሜ የምጨርሰው እኔ ስለሆንኩ ከታሪኩ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ እመርጣለሁ። «እዚህ ስትደርሱ አቁሙና ሁለት መስመር ጻፉልኝ። ምን አደረጋችሁ? ቀጥሎስ ምን የሚመጣ ይመስላችኋል?» እላቸዋለሁ። ማስታወሻው ለእኔ ብቻ ነው የሚላከው፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ስንገናኝ፣ ማንም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት፣ ማስታወሻዎቹን በየተራ አነባለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማስታወሻ ያስፈለገው መጨረሻው የቀደመውን ሁሉ በራሱ ቀለም ስለሚቀባው ነው። መጨረሻው ያናደደው ሰው «ከመጀመሪያውም ሰልችቶኝ ነበር» ይላል፤ ሲናገርም ከልቡ ነው፣ እየዋሸ አይደለም። አጋማሹ ላይ የላከልኝን ሳነብለት ግን «ነገ ሥራ አለብኝ፣ ማቆም ግን አልቻልኩም» የሚል ይወጣል። ሳቅ ይሆንና ክርክሩ ከዚያ ወዲያ ሌላ መልክ ይይዛል።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚሠራ ያየሁት «ፋየርዎች» ላይ ነው። ጌሙን ያልተጫወተ ካለ ቀጣዮቹን አንቀጾች ይዝለል፤ መጨረሻውን ሳልናገር ስለ ክርክሩ ማውራት አይቻልም።

«ፋየርዎች» በ2016 ካምፖ ሳንቶ የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ ያወጣው ጌም ነው። ዘመኑ 1989፣ ቦታው አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለ ጫካ ነው። ሄንሪ የሚባል ሰው፣ ሚስቱ ገና በጎልማሳነቷ የመርሳት በሽታ ይዟት፣ ከዚያ ሁሉ ሸሽቶ የእሳት ጥበቃ ማማ ላይ ሥራ ይይዛል። የሚያናግረው ሰው ቢኖር ሌላ ማማ ላይ ያለችው አለቃው ደሊላ ብቻ ናት፣ እሷንም በሬዲዮ። ስታናግራችሁ የመልስ አማራጮች ይመጣሉ፤ ጊዜው ካለፈ ግን ይጠፋሉ፣ ዝምታችሁም እንደ መልስ ይቆጠራል። ቀስ በቀስ አንድ የሚከታተላቸው ሰው እንዳለ ይገባቸዋል። ሄንሪ የሁለቱ የሬዲዮ ንግግር ቃል በቃል የተጻፈበት ወረቀት ያገኛል። በአጥር የታጠረ ሰው የሌለበት የምርምር ጣቢያም ይመጣል። የምሥጢሩ መፍቻ ሲገለጥ ግን የስለላ ሴራ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ዋሻ ውስጥ ወድቆ የሞተበት ኔድ የሚባል አባት ነው፣ ወደ ሰው መመለስ አቅቶት ጫካ ውስጥ ተደብቆ የኖረው። እሳቱ ይስፋፋል፣ ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ ሄንሪ ማማዋ ሲደርስ ደሊላ ቀድማ ሄዳለች። ፊቷን ሳናይ ያልቃል።

ጌሙ ከወጣ ጀምሮ ተጫዋቾች በዚህ መጨረሻ ላይ እንደተከፋፈሉ ናቸው። እኛም ተከፋፈልን። ንግግሩ የተጻፈበት ወረቀት የሚገኝበትን ቦታ ማቆሚያ አድርጌው ስለነበር ማስታወሻዎቹ እጄ ላይ ነበሩ። ወንድሜ የጻፈው እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው፦ «መንግሥት አለበት። ደሊላም ታውቃለች። አጥሩ ጋ ልሄድ ነው።» የአክስቴ ልጅ ስለ ወረቀቱ አንዲት ቃል አልጻፈችም። «ይህቺ ሴትዮ እያወራች ትስቃለች፣ ግን አንድም ጥያቄ በቀጥታ አትመልስም። ልቤ አላመናትም፣ ግን ወድጃታለሁ» ነው ያለችው። ጓደኛችን ደግሞ «ካርታ እያየሁ ስለነበር ሬዲዮውን ብዙ አልመለስኩም» ብሎ ጻፈ።

ሦስቱ ሰዎች አንድ ጌም አልተጫወቱም ማለት ይቻላል። ወንድሜ ወንጀለኛ ሲያድን ስለነበር መጨረሻው ላይ የተታለለ ያህል ተሰማው። የአክስቴ ልጅ ገና በአጋማሹ ከደሊላ ምንም እንደማታገኝ ጠርጥራ ስለነበር ባዶው ማማ አላስገረማትም፤ አሳዘናት እንጂ። ዝም ያለው ጓደኛችን «ለመሆኑ መች ተቀራረቡና ነው የምትጠብቀው?» ብሎ ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን። እሱ በተጫወተው ጌም ውስጥ እውነቱን ነው።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰዎቹን አላዳመጥካቸውም» አለችው የአክስቴ ልጅ።

«አንቺ ልጅ፣ አጥር ካሳዩኝ አጥሩን ነው የማየው» አላት።

እኔ መጨረሻውን ከሚወዱት ወገን ነኝ። የወንድሜን መልስ ግን ንቄ ልተወው አልቻልኩም። ጌሙ ራሱ ነው አጥር ያጠረው፣ ወረቀት ያስቀመጠው፣ ጥርጣሬውን እየመገበ ያሳደገው። ሰውን በጥርጣሬ ሰዓታት ሙሉ ካስሮጡት በኋላ «ዋናው ነገር ሐዘኑ ነበር» ቢሉት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ይህን ነጥብ ያገኘሁት «መጨረሻው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከሚል ጥያቄ አይደለም። ወረቀቱን ባነሣበት ሰዓት ምን እያደረገ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጭቅጭቃችን ስለ ምርጫ ነበር። በ2012 ቴልቴል ያወጣውን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ያዝን። በጌሙ ውስጥ ሊ የሚባል ሰው ክሌመንታይን የምትባል ትንሽ ልጅ ይዞ ይጓዛል፤ አንድ ነገር ስትናገሩ «ክሌመንታይን ይህን ታስታውሳለች» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። በመጀመሪያው ክፍል ከዳግና ከካርሊ አንዱን ብቻ ነው ማዳን የምትችሉት። የፈለጋችሁትን ብታድኑ ግን ያ ሰው ሦስተኛው ክፍል ላይ ሊሊ በምትባል ሴት ጥይት ይሞታል። ጓደኛችን ይህን ሲያውቅ አንጀቱ ነው ያረረው። «ምርጫ አለህ ብለው አሾፉብኝ» አለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዳግን ትታ ካርሊን ያዳነችበትን ምክንያት ሳትጠየቅ ማስረዳት ጀመረች፣ እየተጨነቀች፣ እውነተኛ ሰው የሞተ ይመስል። ለእሷ ምርጫው ታሪኩን አለመለወጡ ቁም ነገር አልነበረም፤ ትታ የሄደችው እሷው ናት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ «ስንት ጊዜ ተጫወታችሁት?» የተናደዱት ሁሉ ተመልሰው ሌላውን ምርጫ የሞከሩ ሆነው ተገኙ። አንድ ጊዜ ብቻ የተጫወቱት አልተናደዱም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ጌም መጋረጃው እስኪገለጥ ድረስ ነው ኃይል ያለው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሳንገናኝ ማንም ሁለተኛ እንዳይጀምር ደንብ አወጣሁ፤ ሁለተኛውን ዙር የፈለገ ከውይይቱ በኋላ ይጫወት። ሌላም ነገር አለ፤ ያ ጌም ሲወጣ በአምስት ክፍል ተከፋፍሎ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ነበር የወጣው። የዚያን ጊዜ ተጫዋቾች በክፍልና በክፍል መካከል ሳምንታት ነበሯቸው፤ ሲያስቡ፣ ሲገምቱ፣ ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። ዛሬ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ሰው ያ ሁሉ ቀርቶበት «ምኑ ነው እንዲህ ያስወራው?» ቢል አይደንቅም። ስለዚህ እኛም በክፍል በክፍል መጫወት ጀመርን። ቸኳዩ ጓደኛችን እስካሁን ያጉረመርማል።

ስለ እንቆቅልሽ የሚነሣው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የዕድሜ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ወንድሜ በ1990 የወጣውን «ኪንግስ ኩዌስት 5» ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። እዚያ ጌም ውስጥ የያዛችሁትን ኬክ ርቧችሁ ብትበሉት፣ ኋላ ተራራ ላይ ለሚመጣው አውሬ የምትወረውሩት ነገር አይኖራችሁም፤ ጌሙም ይህን ሳይነግራችሁ መንገዱ ተዘግቶ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ይሄማ ጭካኔ ነው» አለች። እንዲያ የሚያስቡ ያን ጊዜም ነበሩ። ጌም ሠሪው ሮን ጊልበርት በ1989 የአድቬንቸር ጌሞችን ጉድለት እየዘረዘረ ጽፎ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሠራው «ዘ ሲክሬት ኦቭ መንኪ አይላንድ» ሲወጣ ተጫዋቹን በየሄደበት የሚገድል ወይም መንገድ ዘግቶ የሚያስቀር ነገር አልነበረበትም። (ለቀልድ የተተወች አንዲት ሞት አለች። ጀግናው ውሃ ውስጥ ትንፋሹን አሥር ደቂቃ መያዝ ይችላል ይባላል፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁት ይሰምጣል።) ስለ ክፉ እንቆቅልሽ ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው ደግሞ የ1999ኙ «ጋብርኤል ናይት 3» ነው፤ ከድመት ጸጉር የውሸት ጺም ሠርታችሁ ጺም የሌለውን ሰው መምሰል፣ እንዲመሳሰልም ፓስፖርቱ ላይ ጺም መሣል አለባችሁ። ይህን የሚከላከል ሰው አላጋጠመኝም፤ ወንድሜ እንኳን አፉን ይዘጋል።

ይሁን እንጂ የእሱ መከራከሪያ ክብደት አለው። «መላው ሲጠፋኝ እዚያው ቦታ እኖራለሁ፤ በር በበር እዞራለሁ፣ ሰዎቹን ደጋግሜ አናግራለሁ። አንቺ ግን መልሱን ከሌላ ቦታ አንብበሽ ታልፊያለሽ፣ ቦታውን መች አየሽው?» ይላታል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ «መፍትሔ ፍለጋ የወጣኸው የት ቦታ ላይ ነው?» የሚል ጨምሬያለሁ። «ግሪም ፋንዳንጎ»ን ስንጫወት፣ ገና ከጅምሩ መፍትሔ እያዩ የሄዱት ስለ ንግግሩና ስለ ቀልዱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቆይተው ያዩት ወይም ጭራሽ ያላዩት ስለ ከተማው አወሩ፣ መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል። ሁለቱም ወገን ጌሙን ወድዶታል።

ስለ «ጎን ሆም» ብዙ አልልም። በ2013 ሲወጣ ባዶ ቤት ውስጥ እየዞሩ ደብዳቤ ማንበብ ጌም ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ብዙ ቀለም ፈስሷል። እኛ ዘንድ ያ ጥያቄ ሲነሣ ማንም ማንንም አሳምኖ ስለማያውቅ እንዲታለፍ እጠይቃለሁ።

የሚከብደኝ አብሮን መቀመጥ የሚፈልግ ግን ያልተጫወተ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ሲጫወት በቪዲዮ ያየ። «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ» ላይ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ መጣ። የ2015 ጌም ነው፤ ማክስ የምትባል ተማሪ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ትችላለች፣ መጨረሻ ላይ ከጓደኛዋ ከክሎዊና ከከተማው አንዱን መሥዋዕት ማድረግ አለባት። ልጁ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ከተማው ይትረፍ፣ አንድ ሰውና አንድ ከተማ እኩል ናቸው እንዴ?» የተጫወቱት ግን ከተማውን የመረጡት እንኳ እንዲህ በቀላሉ አላወሩትም። አምስት ክፍል ሙሉ የተናገሩትን በአንድ ቁልፍ ሲያጥፉና ሲመልሱ ኖረው፣ እዚያች ቦታ ላይ ግን መመለሻ የለም። ይህን የሚያውቀው ጣት ነው። ልጁን ግን አላስወጣሁትም፤ ስለ ታሪኩ አወቃቀር ከማናችንም የተሻለ ያያል። አሁን ያየ ሰው ይመጣል፣ ማስታወሻዎቹ ተነብበው ሲያልቁ ይናገራል።

አንዳንዱ ጭቅጭቅ ግን በዚህ መንገድም አይፈታም። በ2022 «ሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ» ከመውጣቱ በፊት፣ የሥዕል አሣሣሉ ባላስደሰታቸው ሰዎች ስድብ ሮን ጊልበርት ተማርሮ ስለ ጌሙ መጻፉን አቆመ። ገና ማንም አልተጫወተውም እኮ። ምን አደረግክ ብለህ ትጠይቀዋለህ? ወንድሜ ራሱ ሥዕሉን አልወደደውም፤ ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላም አልወደደውም። ይህንን ግን ማክበር ይቻላል።

አሁን የያዝነው የ2019ኙን «ዲስኮ ኢሊሲየም» ነው፤ አሠራሬንም እየፈተነው ነው። ዳይስ እየተጣለ የሚወሰን ነገር ስላለው አድቬንቸር ነው አይደለም የሚል ጭቅጭቅ ገና ሳይጀመር ተነሣ። ዋናው ችግሬ ግን ሁሉም በፈለገው ቅደም ተከተል ስለሚሄድ ማቆሚያ ቦታ ማበጀት ማስቸገሩ ነው። ጌሙ የግድያ ምርመራ ስለሆነ፣ ለጊዜው የመጀመሪያውን ማቆሚያ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ሬሳ በሚወርድበት ሰዓት ላይ አድርጌያለሁ፣ መቼም ይውረድ መቼ። ጥያቄውም አንድ ነው፦ እንዴት አወረዳችሁት? የአክስቴ ልጅ እስካሁን ሰው እያናገረች ስለሆነ ሬሳው ጋ አልደረሰችም። ወንድሜ ደግሞ ጌሙ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከጣሪያው ማራገቢያ ላይ ክራቫቱን ላውርድ ሲል ልቡ ቆሞ ከክፍሉ ሳይወጣ ሞተ። የላከልኝ ማስታወሻ «በመጨረሻ እንደ ጥንቱ የሚገድል ጌም ተገኘ» የሚል ነው።