ሴት ልጆችን ለበጎ ፈቃድ ከጠራችሁ ሻይ አታስፈሏቸው

"የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት፣ ለሰው ግድ የላቸውም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጨጓራዬ ነው የሚላጠው። ቢያንስ ስለ ሴቶቹ እንደዚያ ማለት አይቻልም። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እዚህ ሰፈር አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግቢ ጠርጋ፣ ውሃ የመጣ ቀን በሌሊት ተነስታ ቀድታ፣ ታናሾቿን ቁርስ አብልታና አልብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ ለቅሶ ካለ ደግሞ ማታ ከእናቷ ጋር እንጀራ ተሸክማ ትሄዳለች። እና ይቺን ልጅ ነው "ማገልገል ልመዱ" ብለን የምንመክራት? የሌላት ጊዜ ነው። ከቤት የመውጣት ፈቃድም የላትም። ሁለቱም ተገኝተው ከወጣች በኋላ ደግሞ የምንሰጣት ሥራ ቤቷ ከተወችው ጋር አንድ ከሆነ ለምን ብላ ትመለሳለች?

ጥቂት ክረምቶችን በሰፈራችን ሴት ልጆችን እየሰበሰብኩ ስሠራ ስለቆየሁ ብዙ ሰው "እንዴት አድርገሽ ነው?" ይለኛል። ቢሮ የለኝም፣ በጀትም የለኝም። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ቤቷ ትንሽ ብትሆንም የራሴ ስለሆነች ሰዓቴን የማዘው እኔው ነኝ፣ የምንሰበሰበውም እዚያው ስፌት ማሽኑ አጠገብ ነው።

ከጠቀሙኝ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ልጆቹን አንድ በአንድ አለመጥራት ነው። አንዲትን ልጅ ብቻዋን ብትጠሯት ታፍራለች፣ ወይ "እናቴን ልጠይቅ" ብላ በዚያው ትጠፋለች። ማስታወቂያ ብትለጥፉም የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። በየሰፈሩ ግን ራሱን አደራጅቶ የሚጠብቃችሁ ቡድን አለ፣ የአበባየሆሽ ቡድን። እስቲ አስቡት፣ ማንም ትልቅ ሰው ሳያዛቸው እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ይገናኛሉ፣ አውጪ ይመርጣሉ፣ ከበሮ ይዋሳሉ፣ ማን ቤት ቀድመው እንደሚገቡና ማን ቤት ውሻ እንዳለ ያውቃሉ፣ በመጨረሻም ቁጭ ብለው ብሩን ይካፈላሉ፣ በገንዘብ ያዥዋ መጠርጠር ሳይቀር። ከዚህ በላይ አደረጃጀት ከየት ይመጣል? እኔ የሄድኩት ወደ አውጪዋ ነው። አውጪዋ እሺ ስትል ተቀባዮቹ ተከትለው መጡ። ሌላ ሰፈር ላሉ ጓደኞቼም የምነግራቸው ይሄንኑ ነው፣ አውጪዋን ፈልጉ።

ቀጥሎ እናቶች አሉ። ይሄ ሥራ በስልክ አይሆንም፣ ቤታቸው ሄዶ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል፣ ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ ደግሞ ስለ ጉዳዩ አለማንሳት ይሻላል። አንዷ እናት ጉልት ነው የሚቸረችሩት። ነገሩን ሳነሳላቸው ቀና ብለው እያዩኝ፣

"ልጄን ወስደሽ የሰው ቤት ልታሠሪያት ነው?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ የሰው ቤት ሥራ አትሠራም።"

"እሺ፣ የኔንስ ቤት ማን ይሠራልኛል?"

ልክ ናቸው። የበጎ ፈቃድ ቅስቀሳ ላይ ማንም የማያነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። ልጅቷ ለማኅበረሰቡ የምትሰጠው ሦስት ሰዓት ከእናቷ ጉልበት ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ለአገር ነው" ብዬ አልተከራከርኩም። ሰዓቱን ተደራደርን። በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ለምሳ ቤቷ እንድትደርስ። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይሄ ለሁላችንም ተመቸን። "በእነዚያ ቀናት ውሃውን ወንድሟ ይቅዳ" ስላቸው እትዬ ሳቁ። ልጁ ግን ቀዳ። በሌሎች ቤቶች ይሄ ሁልጊዜ አልሠራም፣ ወንድም ተኝቶ እህት ሁለቱንም የምትሠራበት ቤት ዛሬም አለ፣ እዚያ ቤት ሄጄ መጨቅጨቄንም አላቆምኩም።

ለእናቶች አንድ ወረቀት እሰጣለሁ። የት እንደምንሄድ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ፣ የኔና የሌላ አንዲት እናት ስልክ ቁጥር። ሁለት ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፣ የምንውልበት ቦታ ንጹሕ ሽንት ቤት እንዳለውና እኔ ጋ ሞዴስ ሁልጊዜ እንደሚኖር። ልጆቹ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ድንገት የሚጠፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ አፍረው አይናገሩትም፣ እኛ ደግሞ "ሰነፈች" እንላለን። የታክሲ ብር የሚባለውንም እርሱት፣ በእግር የማይደረስበት ቦታ አልወስዳቸውም።

ወደ ሻዩ ልምጣ። የዕድራችንን ሊቀመንበር የዕቃ ቤቱን በረንዳ እንዲያውሱን ጠየቅኳቸው። ደግ ሰው ናቸው። "በጣም ጥሩ፣ እኛም ስብሰባ ሲኖረን ሻይ ቡና ያቀርቡልናል" አሉ።

"ጋሼ፣ ሻይ ማፍላትማ ቤታቸውም አለ። መዝገቡን ስጡን" አልኳቸው።

የዕድሩ መዝገብ በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ነው። ጋሼ እንደ ታቦት ነው የሚጠብቁት። ሲሰጡንም አብረው ተቀምጠው እያዩ ነው። ልጆቹ በተዋስነው ላፕቶፕ ስሙን በሙሉ ኤክሴል ላይ አስገቡት፣ ያረጀውን ስልክ ቁጥር እየደወሉ አስተካከሉ፣ ማን ቤት ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ወይም ባልቴት እንዳለም ለዩ። በዚያ ክረምት መጨረሻ ጋሼ አንድ ቁጥር ሲጠፋባቸው የሚደውሉት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። የምለው እንግዲህ ይሄንን ነው። ቁልፍ፣ መዝገብ፣ ማይክ፣ ሒሳብ፣ እነዚህን ስጧቸው። ኃላፊነት ያለበት ሥራ ያገኘች ልጅ ዝናብ ቢዘንብም ትመጣለች። ወንበር የደረደረች ልጅ ግን በሳምንቱ የለችም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልመጣም።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ሥራው ራሱ እየጎተተ ወሰደን። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ለወጣቱ ቀላል ነበር፣ ለእማማዎቹ ግን አዲስ ጣጣ ሆነ። ልጅ ብር ይልካል። እማማ መልእክቱን ማንበብ አይችሉም። ስልኩን ከነምስጢር ቁጥሩ ሱቅ ላለው ልጅ ይሰጡታል። ልጁ ታማኝ ከሆነ ተመስገን ነው፣ ካልሆነስ? ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤታቸው ሄደው ያስተምሯቸዋል፣ እማማ ምስጢር ቁጥሩን ሲመቱ ፊታቸውን ያዞራሉ። የጤና መድኅን ደብተር መታደሻው እንዳያልፍ ቀኑን ያስታውሷቸዋል። ከፋርማሲው የተጻፈውን አይተው የጠዋቱ መድኃኒት ላይ ፀሐይ፣ የማታው ላይ ጨረቃ ይሥላሉ። ይሄኛው የእነሱ ሐሳብ ነው፣ እኔ በሕይወቴ አይመጣልኝም ነበር።

ደንባችን ግን ጥብቅ ነው። ማንም ብቻዋን ቤት አትገባም። ወንድ ብቻውን የሚኖርበት ቤት ከሆነ ትልቅ ሴት አብራ ትሄዳለች፣ ሰውየው የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ። በሩ ክፍት ይሆናል። ብር በእጅ አይቀበሉም፣ ለገበያም አይላኩም። የማይመች ነገር ያየች ልጅ ምክንያት ሳትናገር መውጣት ትችላለች፣ በኋላ ለኔ ትነግረኛለች። አንዳንድ ሰው "ይሄ ሁሉ ጥርጣሬ ለምን?" ይላል። ይበል። እናቶች ልጆቻቸውን የሚሰጡኝ በዚህ ደንብ ነው።

ከሠራናቸው ሁሉ ለኔ ትልቁ ንባቡ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ልጆቹ በስልክ ድምፃቸውን እየቀዱ በቴሌግራም ይልኩላቸው ጀመር። ለዚህ ሥራ ከቤት መውጣትም አያስፈልግም፣ ጸጥ ያለ ክፍል ካለ ይበቃል። (ጸጥ ያለ ክፍል ግን በየት በኩል! ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ የምትቀዳ ልጅ አለችን።) አንድ ቀን አንዷ ለሕግ ተማሪ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ስታነብ አንቀጽ 7 ላይ ቆመች። ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ መፈጸም እንደማይችሉ የሚለው ነው። ሕጉ የወጣው በ1992 ነው። "ከዚያ በፊትስ ስንት ነበር?" ብላ ጠየቀችው። ተማሪው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 እንደነበር ነገራት። "እኔ እኮ 15 ነኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቀጽ በሙሉ ሳትጠየቅ አነበበችለት።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ያነሳሁላቸው። ስለ ትልልቅ ሰዎች ስብከት ሲጀመር ልጆች ወዲያው ነው ዓይናቸው የሚፈዘው፣ እኔም ስብከቱን አልወደውም። አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው ከወሎ ረሃብ ሕፃናት ይዘው እንደተመለሱ፣ ቤታቸው በወላጅ አልባ ልጆች ሲሞላ ትዳራቸው እንደፈረሰ፣ 2013 ላይ እስኪያርፉ ድረስ ስንቱን እንዳሳደጉ ብዙው ሰው ያውቀዋል። ልጆቹን የያዛቸው ግን ሌላ ነው። እኚህ ሴት በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፣ ሸሽተው አዲስ አበባ የገቡ ልጅ ነበሩ። "ማን ተቀበላቸው? የት አደሩ?" እያሉ ሲያፋጥጡኝ ዋሉ። ሐውልት የሆነ ሰው ለልጅ ሩቅ ነው። ከቤት የጠፋች ልጅ ግን ትገባቸዋለች።

ደም መለገስ እንፈልጋለን ብለውም ተነስተው ነበር። አይቻልም፣ 18 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 45 ኪሎ መመዘን ያስፈልጋል። ተናደዱ። ከዚያ ታላላቆቻቸውን ለማምጣት ዞሩ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ስንት እናት እንደሚገድል እየተናገሩ። አንዷ በየሦስት ወሩ መስጠት እንደሚቻል ስላወቀች የአጎቷን ቀን ቆጥራ ትይዝበታለች። አጎትየው አሁን ስልኳን ሲያይ አያነሳም።

2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ከቡድናችን ብዙዎቹ ከነቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። የሰፈር በጎ ፈቃድ በጉርብትና ነው የሚቆመው፣ ጎረቤት ሲበተን ደግሞ እማማ ጋ ብቅ የሚል ሰው አይኖርም። ቤት ለቤቱ ሥራ ተጎዳ፣ መዋሸት አያስፈልግም። ንባቡ ግን በስልክ ስለሆነ ቀጠለ። የሄዱትም እዚያው አዲሱ ሰፈራቸው አንዳንድ ነገር ጀምረዋል፣ በእኔ መንገድ ሳይሆን በራሳቸው። አንዷ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ታዳጊዎችን ሒሳብ ታስጠናለች። ክፍያዋ የልጆቹ እናቶች በፈረቃ ከትምህርት ቤት እሷን መቀበላቸው ነው። ይሄ ብልኃት በጎ ፈቃድ ይባል አይባል እንጃ፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ ሰው ይጨቃጨቃል፣ "ለወረቀት ብለው ነው" እያለ። ቢሆንስ? የሀብታም ልጅ ለወረቀት ስትሠራ ብልህ ትባላለች። እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ "በትጋት አገልግላለች" የሚል ባዶ ነገር ሳይሆን የሠራችውን በዝርዝር፦ የዕድር መዝገብ አስገብታለች፣ ይህን መጽሐፍ አንብባለች፣ እያልኩ። ማህተም ለማግኘት አንድ መሥሪያ ቤት "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለ ሲያመላልሰኝ ቆይቶ የዕድሩን ማህተም አስመታሁ። ሠርቷል።

አሁን የተጣላነው በገንዘብ ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ ካገኙት የአበባየሆሽ ብር ግማሹን ለቡድኑ እናስቀምጥ ብለው ራሳቸው ወሰኑ። እኔ ለሚያስጠኗቸው ሕፃናት ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበት ነው የምለው። እነሱ ለንባቡ ጥሩ የድምፅ መቅጃ ማይክ ካልተገዛ ብለው ድርቅ ብለዋል። ድምፅ ሰጡ፣ እኔም እንደ አንድ ሰው ነው የተቆጠርኩት፣ ተሸነፍኩ። ደብተር ይሻላል ማለቴን ግን አልተውኩም፣ ማይኩ ተገዝቶ እንኳን።