የአሮጌ ፌራሪ ታርጋ አታስረክቡ

ይህን የምጽፈው አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ገዝቶ ወደ መንገድ ለመመለስ ለሚያስብ ሰው ነው። እኔ ስጀምር ስለ ሞተሩ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ስለ ቺንጋው፣ ስለ ካርቡራተሩ፣ ስለ ዝገቱ ያልመከረኝ አልነበረም። ስለ ታርጋው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ከሃያ ዓመት በላይ ጣሊያን የኖርኩ፣ ቋንቋውን ጠንቅቄ የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ አንድ ረፋድ ላይ በገዛ ፊርማዬ ዳግመኛ የማይገኝ ነገር አሳልፌ ሰጠሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቦሎኛ አጠገብ የማሸጊያ ማሽን በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ነበረው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ጣሊያንኛ መሆናቸውን ሳላውቅ ከእሱ አፍ ተምሬያለሁ፤ እዚህ አገር መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር አለቃዬ የጋራዡን ቋንቋ ማን እንዳስተማረኝ በመገረም ጠይቆኝ ነበር። አባቴ ሰዎች መኪና ለመግዛት ሲያማክሩት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «መጀመሪያ ሊብሬውን አሳዩኝ» ይል ነበር። ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፤ ሦስቱም ከዚህ አገር የሄዱ ቃላት ናቸው፤ እኔን የጎዱኝም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

የገዛኋት ፌራሪ 208 ጂቲ4 ትባላለች። በስሟ ውስጥ 20ው ሁለት ሊትር፣ 8ቱ ስምንት ሲሊንደር ማለት ነው። በዚያን ዘመን ጣሊያን ውስጥ ከ2000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና የሚገዛ ሰው የሚጫንበት የተጨማሪ እሴት ታክስ እጅግ ከባድ ስለነበር፣ ፌራሪ የ308 ጂቲ4ን ሞተር የሲሊንደር ስፋት ከ81 ወደ 66.8 ሚሊ ሜትር አጥብቦ ለአገር ውስጥ ገበያ ይህችን ሠራ። እኔ በየቀኑ በሚሊ ሜትር መቶኛ የምሠራ ሰው ነኝና፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከሩብ ሊትር በታች የሆነ፣ አራት ካምሻፍት ያለው ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሳይ ልቤ ይቀልጣል። ቅርጿን የነደፈው በርቶኔ በሚባለው የመኪና ንድፍ ቤት ይሠራ የነበረው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው፤ ላምቦርጊኒ ሚዩራንና ኩንታሽን የሰጠን ያው እጅ ማለት ነው። ብዙ የፌራሪ ወዳጆች ሌሎቹን ፌራሪዎች በነደፈው በፒኒንፋሪና ቤት ክብ ክብ መስመር ስለተማረኩ ይህችን ማዕዘናም መኪና ይንቋታል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ደግሞ የፌራሪው የፈረስ ምልክት ሳይኖርባቸው «ዲኖ» ተብለው ብቻ መሸጣቸው ለንቀቱ ምክንያት ሆኗል። እኔ አልስማማም። ከጎን ቆሞ የፊት መስታወቷ ከኮፈኗ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ያየ ሰው አፉን ሞልቶ «እውነተኛ ፌራሪ አይደለችም» ሊል አይገባውም። መጀመሪያ ያየኋት በመስከረም ወር ኢሞላ የውድድር ሜዳ ላይ በሚቆመው የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መኪና አልታየኝም።

ያገኘኋት በ2016 ከሳሱኦሎ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው በሰባዎቹ ዓመታት የወለል ሴራሚክ በማምረት ያገኙትን ገንዘብ ይዘው በ1978 አዲስ ገዟት፤ ከዚያ ታመሙና መኪናዋ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከጭድ ማስቀመጫው ውስጥ አልወጣችም። «ልጄ፣ ለመበተን ከሆነ አልሸጥልህም» አሉኝ። «ሲኞራ፣ ነድቻት እዚሁ ደጃፍዎ እመጣለሁ» አልኳቸው። በዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። የዚያን ዕለት ያደረግሁትን አንድ ነገር አልረሳውም፤ ከኋላ በርከክ ብዬ የታርጋውን አቧራ በመሐረቤ ጠረግሁ። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ቁጥሮቹ ነጭ፣ የሞዴና ክፍለ ሀገር ምልክት የሆኑት ሁለት ፊደላት ብርቱካናማ። በግራ ጥጉ ላይ የብሎኑ ዝገት ወደታች ወርዶ እንደ እንባ መስመር ሠርቷል። ሞዴና ክፍለ ሀገር ውስጥ ተሠርታ፣ እዚያው ክፍለ ሀገር ተመዝግባ፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም ሳይቀራት ከታርጋዋ ጋር የኖረች መኪና።

ጥገናው አሥራ አራት ወር ፈጀ፤ ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ትዕግሥት ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው። ሁለቱን የካምሻፍት ቺንጋዎች ከነመወጠሪያ ኩሽኔታቸው ቀየርኩ፤ ይህን ሳታደርጉ ሞተሪኖውን እንዳትነኩ። አራቱን ዌበር ካርቡራተሮች ፈትቼ አጠብኩ። ፍሬኗ ሁሉ ተጣብቆ ስለነበር በአዲስ ተተካ። የውሃ ፓምፑን ዘንግ ፋብሪካው በፈቀደልኝ ሰዓት ራሴ በቶርኖ አወጣሁት፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ጣሊያን ውስጥ ከ1983 ወዲህ ቦሎ፣ ማለትም ዓመታዊው የመኪና ግብር፣ የሚከፈለው መኪናው መንገድ ላይ ስለተነዳ ሳይሆን ባለቤት ስላለው ነው፤ ጭድ ውስጥ የቆመም ይከፍላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልተከፈለበት መኪና ከባለቤትነት መዝገብ በመንግሥት ትእዛዝ ይሰረዛል። የሲኞራ ባል ሲታመሙ ቦሎ የከፈለ ሰው አልነበረም፤ መኪናዋም ተሰረዘች። እንዲህ የተሰረዘ መኪና ባለቤቱ በፈቃዱ አስረክቦ ካሰረዘው መኪና ጋር አንድ አይደለም፤ ታርጋውና ሊብሬው ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ እጅ ይቀራሉ። ይህን ልዩነት በጊዜው አውቄው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

የጣሊያን ታሪካዊ መኪኖች ማኅበር መኪናዋ ታሪካዊ ናት የሚለውን የምስክር ወረቀት በሰላም ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወረቀት ግን ራሴ መሥራት ሲገባኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ላለ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ከፍዬ ሰጠሁት። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ደክሞኝ ነበር፣ የሥራ ፈረቃዬም አይመችም ነበር። ቢሮው ውስጥ የነበረችው ሠራተኛ ፋይሉን ለሁለት ደቂቃ ያህል ገለጠችና «የተሰረዘ መኪና እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። ፈረምኩ። ቅጹ አንድ ገጽ ነበር፤ አላነበብኩትም። ሞተር ስሠራ የማይክሮሜትር ንባብ ሦስት ጊዜ የምደግም ሰው አንድ ገጽ ሳላነብ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ታርጋ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆምኩ። ግድግዳው ላይ «የቀድሞ ታርጋ ሳይመለስ አዲስ ታርጋ አይሰጥም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር፤ «ሁለቱንም ይዘው መጥተዋል?» አለኝ። ይዤ ነበር፤ ቤቴ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ። ጨርቁን ፈትቼ በመስኮቱ ሥር አሳለፍኩለት። የኋላውን ታርጋ አገላብጦ አየና እግሩ ሥር ወዳለው ሳጥን ወረወረው፤ ፕላስቲኩ ከሌሎች ፕላስቲኮች ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያ ነጭ፣ አዲስ፣ የዘመኑ የአውሮፓ ታርጋ በላስቲክ ታሽጎ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እውነቱን የነገረኝ ከወር በኋላ በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ያገኘሁት ሽማግሌ ነው። መኪናዋን ዞረው ሲያበቁ ከኋላ ቆመው «ምነው ልጄ፣ ታርጋው ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በ2002 መጨረሻ የወጣ ሕግ እንዲህ በመንግሥት ትእዛዝ የተሰረዘ ታሪካዊ መኪና፣ ያልተከፈለው ግብር ከሦስት ዓመት ያልበለጠው ከነግማሽ ጭማሪው እስከተከፈለ ድረስ፣ የቀድሞ ታርጋውንና ሊብሬውን እንደያዘ ወደ መዝገብ እንዲመለስ ይፈቅዳል። እኔ የፈረምኩት የአዲስ ምዝገባ ቅጽ ነበር፤ መፈረም የነበረብኝ የዳግም ምዝገባ ቅጽ ነው። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሳጥኑ ለማስወገድ ተልኳል ተባልኩ። ወዴት እንደተላከ ጠየቅሁ፤ በጽሑፍ ያመልክቱ ተባልኩ። አመለከትኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሌላ ሠራተኛ ማመልከቻዬን ከፋይሉ ጋር አያይዛ አቆየችኝና «እርስዎ ራስዎ ፈርመዋል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ጉዳይ አስፈጻሚዋ ጋ ሄድኩ፤ «ሁሉም ደንበኛ የሚፈልገው መንዳት ነው፣ ነድተዋል» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም፤ አሁንም የለኝም። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው ሕጉን አያውቀውም ብዬ አላምንም፤ ያውቀዋል፤ ነገር ግን አንድ ሕግ ለሁሉም ሲለጥፍ ሥራው ይቀልለታል።

እንግዲህ ምክሬ ብዙ ሰው ከሚለው ጋር አይገጥምም። ባለሙያዎች «የምትችሉትን ያህል የሚነዳውን ግዙ፣ ወረቀት ይደርሳል» ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ፦ ሞተሯ የቆመች፣ ታርጋዋና ሊብሬዋ ግን የተሟላ መኪና፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት እየሠራ ነጭ ታርጋ ከለጠፈች መኪና ትበልጣለች። የተሰበረ ቢዬላ ይተካል፣ የተበላ ዘንግ በቶርኖ ይወጣል። ስትገዙ መኪናዋ የተሰረዘችው በባለቤቷ ጥያቄ ነው ወይስ በቦሎ ምክንያት የሚለውን ከመዝገቡ በጽሑፍ አውጡ። ሁለቱንም ታርጋዎች ከነሊብሬው ከሻጩ እጅ ተቀብላችሁ ቤታችሁ አስገቡ። ጉዳይ አስፈጻሚ ከመቅጠራችሁ በፊት የማኅበሩን የአካባቢ ክለብ አማክሩ፤ ምክሩ ብዙውን ጊዜ ከቡና ዋጋ አይበልጥም። መስኮቱ ፊት ስትቆሙ ደግሞ ሕጉ ታትሞ በእጃችሁ ይሁን፤ ማስታወቂያ ተለጥፏልና ብላችሁ ታርጋችሁን ከጨርቅ አትፍቱ።

በሰኔ 2018 ቃሌን ለመፈጸም ወደ ሳሱኦሎ ነዳኋት። ሲኞራ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ጠበቁኝ። ሞተሩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዞረው ዞረው ከኋላ ሲደርሱ ጥቂት ቆሙ፤ ምንም ሳይሉኝ ወደ ቤት ገቡና አንድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ባላቸው በሸሚዝ እጅጌ፣ አንድ እግራቸውን መከላከያው ላይ አድርገው ይስቃሉ፤ ከእግራቸው ሥር ታርጋው ከነብርቱካናማ ፊደላቱ ጥርት ብሎ ይነበባል። «ያንተ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ፣ በ2020 መጨረሻ የጸደቀ የበጀት ሕግ ለታሪካዊ መኪኖች የድሮውን ዓይነት ታርጋ በክፍያ ማስቀረጽ እንዲቻል በር ከፍቷል፤ ወዳጆቼም እንዳመለክት ይወተውቱኛል። ቁጥሩ ፎቶግራፉ ላይ አለ። በግራ ጥጉ የነበረው የዝገት መስመር ግን አዲሱ ላይ አይኖርም፤ ማመልከቻውን እስካሁን አላስገባሁም።